ኳስ ለእያንዳንዱ እግር
በሰሜን ሸዋ ደጋ የታዳጊ ወጣቶች የቴክኒክ ሥልጠና ስለሚታቀድበት ሁኔታ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




በደብረ ብርሃን ከሚገኙት ሜዳዎች በአንዱ፣ ትምህርት ከተለቀቀ በኋላ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚታየው ነገር ለሙያው ሰው እንግዳ አይደለም። ሃያ አራት ታዳጊዎች በሁለት ረድፍ ሆነው ሜዳውን ይዞራሉ፤ መጀመሪያ አምስት ዙር፣ ቀጥሎም ሌላ አምስት። ከሩጫው በኋላ ይሰለፉና ተራ በተራ ወደ ግብ ይመታሉ። ኳሱ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። በመጨረሻም ለሁለት ተከፍለው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ይጋጠማሉ። ሁሉም አልቧቸዋል፤ ሁሉም ደክመዋል፤ አሠልጣኙም የዕለቱ ሥራ በሚገባ ተከናውኗል ብሎ ፊሽካውን ኪሱ ይከታል። ነገር ግን ከእነዚያ ሃያ አራት ልጆች መካከል፣ ትናንት ያልቻለውን አንድ ነገር ዛሬ ችሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ስንቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አስቸጋሪ ይሆናል።

ይህ ንግግር የሚያተኩረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ዓላማውም አሠልጣኙን ለመውቀስ አይደለም። አብዛኛው አሠልጣኝ ከመደበኛ የማስተማር ሥራው ተርፎ በፈቃዱ የሚያገለግል፣ ከራሱ ኪስ ኳስ የሚያስጠግን ሰው ነው። ዓላማው ያለው ጊዜ፣ ያለው ሜዳና ያለው ኳስ እንዴት ቢታቀድ ለእያንዳንዱ ታዳጊ ሊደርስ እንደሚችል ማሳየት ነው።

የደጋው ጸጋና የደጋው ጉድለት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ተወልዶ፣ ከብት እየጠበቀና ረጅም መንገድ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት እየተመላለሰ ያደገ ልጅ ልቡና ሳንባው ለትንፋሽ የጠነከረ ነው። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ የማራቶን ባለድል የሆነው አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ለሚገኝ ልጅ፣ ከዘጠናው ደቂቃ ሠላሳውን በሜዳ ዙሪያ ማስሮጥ ያለውን ነገር ደግሞ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ለደጋው ልጅ የጎደለው ኳስ ነው። ኳስ ሲባልም ቆዳውና ነፋሱ ብቻ አይደለም፤ ኳስን መቀበል፣ ማብረድ፣ ማቀበል፣ መንዳት፣ መምታት፣ ይህንንም ሁሉ ተጋጣሚ እየተጫነው ማድረግ ማለት ነው። ቴክኒክ የሚባለው ይኸው ነው። ተጋጣሚ በሌለበት ኳስን በጉልበት እያነጠሩ መቁጠር ለዓይን ያስደስታል፣ ለጀማሪም ይረዳል፤ ሆኖም ብቻውን ጨዋታ አያስችልም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ነው። በአሠልጣኙ በይድነቃቸው ተሰማና በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ የተመራው ያ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ ነበር ያሸነፈው። የአዲስ አበባ ከፍታ በትንፋሽ ረገድ አስተዋጽኦ አድርጎ ይሆናል፤ ነገር ግን ከፍታው ከዚያም ወዲህ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ይህም ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያው ውድድር ከተካፈለ በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ውድድር ድረስ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ቆይቷል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ከፍታ ብቻውን ቡድን አይሠራም።

የሰልፉ ሒሳብ

ሃያ አራት ልጆች በአንድ ኳስ ተሰልፈው ወደ ግብ ሲመቱ፣ ኳሱ ተመትቶ እስኪመለስ 15 ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል ቢባል፣ አንዱ ልጅ ደግሞ የሚደርሰው በየስድስት ደቂቃው ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ይመታል ማለት ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ይመለከታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቆሞ መመልከት ደግሞ ያሞቀውን ጡንቻ መልሶ ያደነድነዋል።

እነዚሁ ልጆች በስድስት በስድስት ተከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ኳስ ተሰጥቶ፣ አራቱ ሲቀባበሉ ሁለቱ መሐል ገብተው ለመንጠቅ ቢሞክሩስ? በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኳሱ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ተነካ ቢባል እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል፤ በግማሽ ሰዓት ስድሳ ጊዜ ይሆናል። አምስትና ስድሳ። ሜዳው ያው ነው፤ ልጆቹም እነዚያው ናቸው፤ የተጨመረው ሦስት ኳስና አንድ ዕቅድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዓመት አርባ ሳምንት ቢሠለጥን የመጀመሪያው ልጅ 600 ጊዜ፣ ሁለተኛው 7200 ጊዜ ኳስ ነክቶ ዓመቱን ይጨርሳል።

አራት ኳስ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው ልጆቹ ራሳቸው በየሰፈራቸው የሚሠሩት የጨርቅና የካልሲ ኳስ ነው። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ የሚመጣን ኳስ ማብረድ አያስተምርም። ነገር ግን ኳስን ከእግር ሳያርቁ ለመንዳት፣ አቅጣጫን ለመለወጥና በአጭር ርቀት ለመቀባበል በቂ ነው። ዕቅዱ የቆዳውን ኳስ ለቆዳው፣ የጨርቁን ኳስ ለጨርቁ ሥራ ከመደበው፣ በሁለት የቆዳ ኳስና በአራት የጨርቅ ኳስ ሃያ አራት ልጅ ሥራ አይፈታም። ለምልክትም ድንጋይ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ወይም ቦርሳ ይበቃል።

የአንድ ዕለት ሥልጠና እንዴት ይዋቀራል

የአንድ ዕለት ሥልጠና አንድ ርእስ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ርእሱ «ቅብብል» ተብሎ በጥቅሉ ቢጻፍ አይበቃም። «በቅብብል የመጣን ኳስ ሰውነትን ግማሽ አዙሮ በሩቁ እግር መቀበል» ተብሎ ሲጻፍ ግን አሠልጣኙ ምን እንደሚመለከት፣ ታዳጊውም ምን እንደሚሞክር ያውቃል። ይህንኑ ርእስ ምሳሌ በማድረግ የዘጠና ደቂቃው አከፋፈል እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

ሀ) ሰውነት ማሟሟቅ፣ 15 ደቂቃ። ከኳስ ጋር ይጀመራል። ልጆቹ በጠባብ ቦታ ውስጥ እየተላለፉ ኳስ ይነዳሉ፤ አሠልጣኙ እጁን ሲያነሣ ስንት ጣት እንዳሳየ ይናገራሉ። በዚህም እግር ሲሞቅ ዓይን ከመሬት መነሣትን ይለምዳል። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የተዘጋጀውና «አሥራ አንድ ሲደመር» የሚባለው የማሟሟቂያ ተከታታይ ልምምድ ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች የእግር ጉዳትን በሚታይ መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ከኳስ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚዛንና የአዘላለል ክፍሎቹን ከኳሱ ልምምድ ጋር ማፈራረቅ ይቻላል።

ለ) ያለ ተጋጣሚ መማር፣ 20 ደቂቃ። ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ። መካከለኛው ኳስ ከመድረሱ በፊት ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ሰውነቱን ግማሽ አዙሮ በሩቁ እግር ይቀበላል፤ ለሦስተኛው ያቀብላል። በየሁለት ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ግራ እግርም ተራውን ያገኛል። አሠልጣኙ የሚናገራቸው ነጥቦች ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ቀድመህ እይ፣ ዙር፣ በሩቁ እግር»። አራተኛው ነጥብ ለሌላ ቀን ይቆያል።

ሐ) ከተጋጣሚ ጋር መሞከር፣ 25 ደቂቃ። አራት ለሁለት፣ ቀጥሎም ሦስት ለሦስት፤ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 15 ሜትር በሚሆን ቦታ። ኳስን ዞሮ ተቀብሎ ወደ ፊት ያቀበለ ቡድን ነጥብ ያገኛል። የዕለቱ ትምህርት ጨዋታው ውስጥ ገብቶ የሚፈተነው በዚህ ክፍል ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የተሰጠው ለዚሁ ነው።

መ) ጨዋታ፣ 20 ደቂቃ። አሠልጣኙ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ያስቆማል፤ የሚያስቆመውም ለዕለቱ ርእስ ነው። በየደቂቃው ፊሽካ የሚነፋበት ልጅ የራሱን ዓይን ትቶ የአሠልጣኙን አፍ መጠበቅ ይለምዳል፤ በውድድር ቀን ግን አሠልጣኙ ከመስመር ውጭ ነው።

ሠ) ማብረጃ፣ 10 ደቂቃ። ልጆቹ ልብሳቸውን ደርበው እየተራመዱ ይጠየቃሉ፤ «ዛሬ ኳስ ከመድረሱ በፊት ያየኸው ምን ነበር?» መልሳቸው ለነገው ዕቅድ መነሻ ይሆናል።

ሜዳው፣ አየሩና ኳሱ

ዕቅድ በክፍል ውስጥ ይጻፋል፤ የሚፈጸመው ግን በሜዳ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው መረሬ አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ስንጥቅና ድንጋይ ይሆናል። በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ገና ሳይደርቅ መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ቅብብልና ኳስ መንዳት የሚሠለጥነው ያን ጊዜ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሜዳው ሲደነድን ኳሱ በየአቅጣጫው ይነጥራል፤ ይህን እንደ እክል ከማየት ይልቅ የሚነጥርን ኳስ በጭን፣ በደረትና በእግር ማብረድን ርእስ ማድረግ ይቻላል። ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት ማለዳ የሚደረግ ሥልጠና መቅረት አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች ወዲህ የተሻለ ነው።

አንኮበር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠው በዚያ አገር ለመደበኛ ሜዳ የሚበቃ ለጥ ያለ መሬት እንደ ልብ አይገኝም። የሦስት ለሦስትና የአራት ለአራት ጨዋታ ግን ለጥ ያለ ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም። ቦታው ዳገት ከሆነ የጨዋታው ርዝመት ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይከለላል፤ አለዚያ ከላይ የሚያጠቃው ቡድን በስበት ያሸንፋል እንጂ በቴክኒክ አያሸንፍም። በታች በኩል ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ቢቆሙም ኳሱ ወደ ገደል ሲንከባለል ጊዜ አይባክንም። ጠባብ ቦታ ፈጣን አሳብንና ቅርብ የሆነ ኳስ አያያዝን የሚያስገድድ ስለሆነ የአንኮበር ልጅ ከመሬቱ ጥበት የሚማረው አለው።

ከፍታው በኳሱም ላይ ይሠራል። የሳሳ አየር ኳስን ብዙም ስለማይገታት በደብረ ብርሃን የተመታች ኳስ ፈጥና፣ ርቃና ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በጣርማ በር አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሸዋ ሮቢት ለውድድር የሚሰለፍ የደጋ ልጅ ግን ያው ምት አጥሮበት፣ የማዕዘን ምቱም ከለመደው በላይ ታጥፎበት ያገኘዋል። የሸዋ ሮቢት ልጅም ወደ ደጋ ሲወጣ ትንፋሽ ከማጠሩም ሌላ ኳሱ ሳይጠብቀው ያልፈዋል። ስለዚህ ከውድድር በፊት በሚደረገው ማሟሟቂያ የረጅም ቅብብልና የምት ልምምድ በዕቅድ መግባት አለበት። ኳስ በቆላ ተነፍቶ ወደ ደጋ ሲወጣ ይጠነክራል፤ በሞቀ ቤት ተነፍቶ በብርድ ሜዳ ሲወጣ ደግሞ ይላላል። ነፋሱ እዚያው ሜዳ ላይ እንደገና መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ የከፍታ ጉዳይ ዓለምንም አከራክሯል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በግንቦት 1999 ዓ.ም. ከ2500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ወስኖ፣ ብዙም ሳይቆይ ወሰኑን ወደ 3000 ሜትር ከፍ አድርጎ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ እገዳውን አንሥቷል። በመጀመሪያው ውሳኔ ደብረ ብርሃን የተከለከለች፣ በሁለተኛው የተፈቀደች ከተማ ትሆን ነበር ማለት ነው።

የታዳጊው አካል

ታዳጊ ወጣት ትንሽ አዋቂ አይደለም። ወንዶች በአማካይ በ14፣ ሴቶች በ12 ዓመት አካባቢ እጅግ ፈጥነው ያድጋሉ፤ ይህም ከልጅ ልጅ በዓመታት ይለያያል። በዚያ ወቅት ትናንት ኳስ እንደ ልቡ ያዝዝ የነበረ ልጅ ድንገት እግሩ ይተሳሰርበታል። ቁመቱ ከቅንጅቱ ቀድሞ ስለሄደ ነው፤ ሰነፈ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ከጉልበት ሎሚ በታች፣ በቅልጥሙ አናት ላይ ሕመም የሚሰማው ልጅም በዚሁ ዕድሜ ይበዛል። እንዲህ ያለው ልጅ ከዝላይና ከጠንካራ ምት አርፎ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ «ቻለው» ተብሎ የሚገፋ ጉልበት ከዓመት በኋላ ባለቤቱን ከሜዳ ያስወጣዋል። ሴት ተጫዋቾች ደግሞ ለጉልበት ጅማት መበጠስ ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ የአዘላለልና የአስተራረፍ ልምምድ ለእነርሱ ግዴታ ነው።

በቴስታ መጫወትም በልክ ሊሆን ይገባዋል። የአሜሪካ ፌዴሬሽን በእ.ኤ.አ. 2015፣ የእንግሊዝ ማኅበር በእ.ኤ.አ. 2020 ለትንንሽ ልጆች የቴስታን ሥልጠና የከለከሉት፣ ከፍ ላሉትም የወሰኑት ለአንጎል ደኅንነት ሲባል ነው። ለ13 ዓመት ልጅ የቴስታ አያያዝ በእጅ በቀስታ በተወረወረ ኳስ ጥቂት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ በረጅሙ ተመትቶ የሚመጣን ኳስ ደጋግሞ እንዲገጭ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

የምግቡም ነገር በዕቅድ ውስጥ ይገባል። በሰሜን ሸዋ ብዙ ታዳጊ ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ያልቀመሰን ልጅ አሠልጣኙ ሊከራከረውም ሊያስሮጠውም አይገባም፤ ዕቅዱን ማስተካከል ይበቃዋል። ሥልጠናው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ቢሆን፣ በእነዚያ ሳምንታትም ሩጫው ተቀንሶ በጠባብ ቦታ የሚሠራ የኳስ አያያዝ ቢበዛ ልጁም አይጎዳም፣ ሥልጠናውም አይቋረጥም። የደጋው ገብስ ያፈራው በሶ ከሥልጠና አስቀድሞ ለሚወሰድ መክሰስ ተስማሚ የጾም ምግብ ነው። ልጁ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ከሆነ ደግሞ መንገዱ እንደ ሩጫው ይቆጠርለት።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የሚፈጸመው በምርጫ ጊዜ ነው። በ13 ዓመቱ ቀድሞ ያደገ ልጅ በትከሻው ሌሎቹን እየገፋ ግብ ያስቆጥራል፤ ገና ያላደገው ቀጭን ልጅ ደግሞ ኳስ እያወቀ ይቀነሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ቁመታቸው ሲስተካከል ትከሻው ብልጫ መሆኑ ይቀራል፤ የተቀነሰው ልጅ ግን በሜዳው የለም። ዕድሜ ተቀንሶ የሚጻፍበትም ምክንያት ይኸው የጉልበት ሩጫ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች የእጅ አንጓ አጥንትን በመሣሪያ ማስመርመር ግድ ሆኖበታል። በሰነድ ላይ የተቀነሰ ዕድሜ አንድ ዋንጫ ያስገኝ ይሆናል፤ በእርግጠኝነት ግን አንድ እውነተኛ ታዳጊን ከቦታው ያስወጣል።

የዓመቱ ዕቅድና የአሠልጣኙ ደብተር

አንድ ርእስ በአንድ ቀን አይጨበጥም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሥልጠና ቢኖር፣ ማክሰኞ ርእሱ ይተዋወቃል፣ ሐሙስ በተጋጣሚ ይፈተናል፣ ቅዳሜ በጨዋታ ይታያል። በስድስት ሳምንት ስድስት ርእስ ከተዳረሰ በኋላ ዙሩ እንደገና ይጀመራል፤ ርእሱ ሲመለስ ግን ቦታው ጠቦ፣ ተጋጣሚው በዝቶ፣ ጊዜው አጥሮ ነው። ሰኔ በውድድር ሲያልፍ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ሜዳውን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በሲሚንቶ ሜዳ በጨርቅ ኳስ መሥራት ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። በደብተሩ የዕለቱ ርእስ፣ የመጡት ልጆች ስም፣ የተሳካውና ያልተሳካው ይጻፋል። በየሦስት ወሩም የእያንዳንዱ ልጅ ቁመት ይመዘገባል፤ ቁመቱ በድንገት ለጨመረው ልጅ ዝላዩና ምቱ ይቀነሳል። በጨዋታ ጊዜ አንድ ረዳት ወይም የተጎዳ ተጫዋች ከመስመር ውጭ ተቀምጦ የሁለት ልጆችን የኳስ ንክኪ በዱላ ምልክት ቢቆጥር፣ አሠልጣኙ ኳስ ማን ጋ እንደሚደርስና ማን ጋ እንደማይደርስ በገሃድ ያያል። ብዙ ጊዜም ዐሥር ጊዜ እንኳ ያልነካ ልጅ ሳይታወቅ ከርሞ ይገኛል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ዛሬ 13 ዓመት የሆነው ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ 18 ይሞላዋል፤ እነዚያ አምስት ዓመታት ለእርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣሉ። በሰልፍ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ያለፈበትን ጊዜ ማንም ሊመልስለት አይችልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ግን የሚያቅፈው ያስፈልገዋል። ታዳጊውም በየዕለቱ የታሰበበት አንድ ርእስ፣ የሚበቃው ኳስና ጉልበቱን የሚጠብቅለት አሠልጣኝ ያስፈልገዋል። በመጪው ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሃያ አራቱ ልጆች ሜዳ ሲደርሱ፣ አሠልጣኙ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ደብተሩን ቢከፍት ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።